የሁለት ጣሳ ሩዝ ማብራሪያ

ሂንታዳ፣ ከታዛውንሞን ወር ሙሉ ጨረቃ በኋላ በአምስተኛው ቀን

ለልጄ ለኑዌ ኡ፣

ባለሽበት ሰላም ይብዛልሽ። እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» ስል እንደማታምኚኝ ስለማውቅ የጤና ጣቢያውን ወረቀት እዚሁ ፖስታ ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ እኔን ባታምኚ እሱን እመኚ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጎረቤታችን የዳው ኦን አማች ነው፣ ሐሙስ ወደ ሲንጋፖር ይመለሳል። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ መስመሩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም። በስልክ ሲሆን አንቺ ትጮኺያለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ «በል ቻው» ብለሽኝ እንለያያለን። የዛሬው ነገር ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ዛሬ አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እንዲህ ነበር ያልሺኝ፦ «አባዬ፣ የላክህልኝን የምግብ ደብተር ቅጂ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። በቀን ሁለት ጣሳ ሩዝ! ስምንት የወተት ጣሳ አንድ ፕዪ ነው፣ አንድ ፕዪ ሩዝ ሁለት ኪሎ ከመቶ ሠላሳ ግራም ይመዝናል፣ ስለዚህ አንዱ ጣሳ ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት ግራም ነው። ሁለቱ አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት። እኔ የፈቀድኩልህ መቶ ሰማንያ ነው። በዚህ ስኳርህ ላይ ራስህን እየገደልክ ነው። ይህ ሩዝ የት እንደሚገባ ካላስረዳኸኝ በወሩ መጨረሻ ሥራዬን ለቅቄ እመጣለሁ፤ ፈተናውም ገደል ይግባ።»

ፈተናሽ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አራት ዓመት ሙሉ ቀን የሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ የበሽተኛ ምግብ ስትመዝኚ ውለሽ፣ ማታ ማታ የተማርሽውን የምግብ ሳይንስ በሁለት ጣሳ ሩዝ ምክንያት ልትጥዪው ነው። እንዳትጥዪው ማስረዳት አለብኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከጣሳው ልጀምር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ተሳስቼ ሰፍሬ ይሆናል ብዬ መጻፍ ነበር። ግን ማን ያምነኛል? ወንዙ ዳር ባለው የሩዝ መደብር ሠላሳ አንድ ዓመት ሰፋሪ ሆኜ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጅ ሆነሽ ምሳ ስታመጪልኝ የስፍሩን አፍ በእንጨት ስጠርግ ቆመሽ ታዪ ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንዲት ደንበኛ «እስቲ ትንሽ ቆለል አድርግልኝ፣ የእናትህ ሩዝ ነው?» ስትለኝ፣ አንቺ ከኋላዬ ብቅ ብለሽ «አባዬ ለእናቱም አይቆልልም!» ብለሻት መደብሩ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። እና አሁን በስተርጅና ጣሳ መስፈር አቃተኝ ብል አይያዝልኝም።

ስለዚህ የላክሽልኝን የባትሪ ሚዛን ከሳጥኑ አወጣሁት። አዎ፣ እስካሁን ሳጥኑ ውስጥ ነበር፤ አትቆጪ። ለአዲስ ዓመቱ የውሃ በዓል ስትልኪው በየቀኑ መዝን ብለሽኝ ነበር፣ እኔ ግን እጄ የለመደው ጣሳ ነውና በጣሳ እየሰፈርኩ ደብተሩ ላይ ጻፍኩ። አሁን ለአንቺ ስል መዘንኩ። በመጀመሪያ ደረጃ የእኔ ጣሳ ጎኑ ጎድጉዷል፣ አንድ ዓመት ከሰገነቱ ላይ ወድቆ ነው። ከሻይ ቤቱ ደህና ጣሳ ተውሼ ያንኑ ሩዝ ብሰፍርበት ልክ እንዳልሽው ሁለት መቶ ስድሳ ስድስት መጣ። የእኔው ግን ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ ብቻ ይይዛል። ሁለቱ አምስት መቶ ሁለት ይሆናል። ሠላሳ ግራም ያለ ኃጢአቴ ጭነሽብኛል ማለት ነው።

ቀጥሎ ድስቱ። ከድስቱ ሥር የሚያርረው ቅርፍት ወደ እኔ ሆድ አይገባም፣ ውሃ ተደርጎበት ተፍቆ ለዳው ኦን ዶሮዎች ይሰጣል። መዘንኩት፣ ሰባ አምስት ግራም። ከዚያ ጠዋት ጠዋት መነኮሳቱ ለምጽዋት ሲያልፉ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ጭልፋ አለ፤ እሱም አንድ ላይ መቶ ሰባ አምስት ግራም መጣ። ከአምስት መቶ ሁለት ላይ እነዚህን ቀነስኩ፣ ያንቺን መቶ ሰማንያም ቀነስኩ። የቀረው ሰባ ሁለት ግራም! ሰባ ሁለት ግራም ደግሞ ምን አላት፣ ቁራ ወሰደው ብል ማን ይጠይቀኛል? እሰይ ብዬ ብዕሬን አነሣሁ። ደብዳቤውን «ልጄ፣ ነገሩ ቁራ ነው» ብዬ ልጀምረው ነበር።

ከዚያ ድስቱን ሳይ ነገሩ ገባኝ። የጣሳው ሩዝ ጥሬ ነው፤ ቅርፍቱና የመነኮሳቱ ግን የበሰለ ነው። አንድ ግራም ጥሬ ሩዝ ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ሁለት ግራም ተኩል ይሆናል። የበሰለውን ከጥሬው ላይ መቀነስ ማለት ያረገዘችን ላም ከነጥጃዋ አንድ ብሎ መቁጠር ነው። አንቺ ይህን ገና በመጀመሪያው መስመር ታገኚው ነበር። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ጥሬው መለስኩት፦ ቅርፍቱ ሠላሳ ግራም፣ የመነኮሳቱ ሰባ ግራም። ከአምስት መቶ ሁለት ሲቀነስ አራት መቶ ሁለት። የእኔ መቶ ሰማንያ ሲወጣ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ግራም ይቀራል።

በየትኛውም መንገድ ብመዝነው ይኼ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ግራም አልጠፋ አለ። በአዲሱ ሩዝ ሞከርኩት፣ በአሮጌው ሞከርኩት፤ አዲሱ ትንሽ ይከብዳልና ጭራሽ ባሰው። ምን አለፋሽ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። ያ ሩዝ የት እንደሚገባ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ።

እናትሽ ትበላዋለች።

አሁን ደብዳቤውን እንደምታስቀምጪው አውቃለሁ። አስቀምጪው፣ ውሃ ጠጪ፣ ከዚያ ግን ተመልሰሽ ጨርሺው። ወደ ሲንጋፖር ስትሄጂ ደጃፉ ላይ ቆመሽ «ያቺ ሴት ይህን በር ከረገጠች እኔ ሁለተኛ አልረግጠውም» ያልሺውን አልረሳሁትም። ስድስት ዓመት ሙሉ ቃልሽን ይዤ ነበር። ደግሞም ልክ ነበርሽ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጥላ ከጭነት ጀልባ ሰው ጋር የሄደች ሴት ናት። አንቺ ትምህርት ቤት «እናቴ ሞታለች» ስትዪ ሰምቼ እኔም አላረምኩሽም። እሱን ውሸት አብረን ነው የሰፈርነው።

ምያ ሴን የመጣችው ዝናቡ ሊገባ አካባቢ ነው፣ አምስት ወር ሊሞላ ነው። አንድ ቋጠሮ ይዛ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። መጀመሪያ አላወቅኳትም፣ ለማኝ መስላኝ ከድስቱ ልቀዳላት ጭልፋ ይዤ ወጣሁ።

«ኮ ፔ» አለችኝ። እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም።

«ምን ፈለግሽ?» አልኳት።

«ምንም። ልይህና ልሂድ ብዬ ነው።»

«አየሽኝ።»

«አየሁህ። ከስተሃል።»

«ስኳር ነው» አልኳት። «አንቺም ብትሆኚ አላማረብሽም።»

ሳቀች። ከዚያ ቋጠሮዋን መሬት አስቀምጣ አለቀሰች። እኔ ጭልፋ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ተናድጄ ነበር፣ ይህንን ጻፍልኝ ብትዪኝም ባትዪኝም እጽፈዋለሁ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩትን ንዴት ልናደድባት ፈልጌ ነበር። ግን ደስም ብሎኝ ነበር። እንደዚያ ደስ በማለቱ እስካሁን አፍራለሁ። ሰውየው ገና በሁለተኛው ዓመት ሞላምያይን ላይ ጥሏት ሄዷል። ከዚያ በኋላ ስትኖር የኖረችው ወደብ ላይ ሽሪምፕ እየላጠች ነው፣ ጣቶቿን ብታዪአቸው ይገባሻል። «ለምን ያኔውኑ አልተመለስሽም?» ብላት «በየትኛው ፊቴ?» አለችኝ። እኔም ያን ጊዜ የምወደድ ሰው አልነበርኩም፤ ቀን መደብር፣ ማታ ከጓደኞቼ ጋር ዳማ፣ ቤት ስገባ የማወራው ስለ ሩዝ ዋጋ ነበር። ይህን የምልሽ ለእሷ ልከራከርላት አይደለም።

ጓዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ትተኛለች። ምግቡን የምታበስለው እሷ ናት። ማንበብ ስለማትችል ያንቺን የምግብ ሠንጠረዥ ሦስት ጊዜ አንብቤላት በቃሏ ይዛዋለች። ሳህኔ ላይ አንድ ማንኪያ ልጨምር ስል እጄን በጭልፋ ትመታኛለች። «ልጅቷ መቶ ሰማንያ ብላለች» ትለኛለች፣ መቶ ሰማንያ ምን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እሷ ከመምጣቷ በፊት ብቻዬን አንድ ጣሳ ተኩል እበላ ነበር፣ ከላዩም የዘንባባ ስኳር እቆረጥም ነበር። የጤና ጣቢያውን ወረቀት እዪው፤ በውሃው በዓል ሰሞን ስኳሬ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ነበር፣ ባለፈው ወር መቶ ሃምሳ ስምንት። በቀን አምስት መቶ ሠላሳ ሁለት ግራም የሚበላ ሰው ደም እንዲህ ይላል? ያንቺ መጽሐፍ ምን ይላል?

መምጣቷን ደብተሩ ላይ ያልጻፍኩት ልደብቅሽ አስቤ ነው ብትዪ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የሙያዬ ነገር ነው። ሰፋሪ የሰፈረውን ይጽፋል እንጂ ማን እንደበላው አይጽፍም። ሁለት ጣሳ ስለሰፈርኩ ሁለት ጣሳ ብዬ ጻፍኩ። አንቺ በግራም ትመነዝሪዋለሽ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይኼ ነው ስሕተቴ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን «ልጅቷ ምን አለች?» ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። አነበብኩላት፣ ሁሉንም፣ «እመጣለሁ» ያልሺውንም «ፈተናው ገደል ይግባ» ያልሺውንም። ደብዳቤውን ከእጄ ወስዳ አጠፈችና፣

«አንድ ጣሳ ብለህ ጻፍላት» አለችኝ።

«የሰፈርኩትን ነው የምጽፈው።»

«አንድ ቃል ብትቀንስ ምን ትሆናለህ? ማንን ልትገድል?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ እፍኝ አጉድዬ አላውቅም፣ ለአንቺ ስል አሁን አልጀምርም።»

«እንግዲያው» አለች፣ «አንድ ጣሳ ብቻ እንሰፍራለና።»

ቀልድ መሰለኝ። በማግስቱ ግን ድስቱ ላይ የተጣደው አንድ ጣሳ ብቻ ነበር። «አንቺስ?» ብላት «ዳው ኦን ጋ ባቄላ እየለቀምኩላት ነው፣ እዚያው እበላለሁ» አለችኝ። አመንኳት። ደብተሩ ላይ አንድ ጣሳ ብዬ ጻፍኩ፣ እውነትም ነበር። እንዲህ እየሆነ ዘጠኝ ቀን አለፈ።

ትናንት ዳው ኦን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ጮኸችብኝ፦

«አንተ ኡ ቱን ፔ! ዶሮዎቼ ምን አደረጓችሁ? ሳምንት አለፈ እኮ ቅርፍት ከሰጣችኋቸው! በየቀኑ አጥሩ ሥር ተሰልፈው ደጅ ይጠናሉ!»

«ምያ ሴን ለምን ይዛላቸው አትመጣም? አንቺ ጋ አይደለች እንዴ የምትውለው?» አልኳት።

«እኔ ጋ? ውይ ጉዴ! እኔ ጋ ካየኋት ስንት ጊዜዬ! ይልቅ ሴትዮዋን እያት፣ ልብሷ ብቻ ነው እየሄደ ያለው።»

ጓዳ ገባሁ። ድስቱ ሥር ተቀምጣ ቅርፍቱን በማንኪያ እየፋቀች ነበር። አጠገቧ ሩዙ የተቀቀለበት ውሃ በሳህን ተቀምጧል፣ የተቀቀለ ቅጠልም አለ። ስታየኝ ማንኪያውን ደበቀችው፣ እንደ ልጅ። ቅርፍቱ ወደ ጥሬው ሲመለስ ሠላሳ ግራም መሆኑን ያወቅኩት ትናንት ነው፣ ሚዛኑን ከሳጥኑ ያወጣሁትም ትናንት ነው። ዘጠኝ ቀን በቀን ሠላሳ ግራም! አንጀቴን በላችው ኑዌ ኡ። እኔም አጠገቧ መሬት ተቀመጥኩ።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አልኳት።

«ቁጥሩ እንዲስተካከል ነዋ።»

«የምን ቁጥር?»

«ልጅቷ የምትቆጥረው። ቁጥሩ ካልተስተካከለ ትምህርቷን ትታ ትመጣለች። በእኔ ምክንያት አንዴ ተበላሽቶባታል፣ ሁለተኛ አይሆንም።» ከዚያ ቀና ሳትል «ዓርብ ጀልባ አለ» አለች። «እስከዚያ ብቻ ታገሠኝ። እኔ ስሄድ ድስቱም ልክ ይገባል፣ አንተም መዋሸት አይኖርብህም።»

አንቺ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓይነት የምግብ ስሌት ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ ስሌት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላውቅም። ተነሥቼ ሁለት ጣሳ ሰፈርኩና ጣድኩ። ሲበስል ሳህኗን ሞልቼ ፊቷ አስቀመጥኩ፣ «ሳትበዪ ከዚህ አልነሣም» አልኳት። «ሆዴ አልለመደውም፣ ቀስ ልበል» አለች፣ እየጎረሰች አለቀሰች፣ ጨረሰችው። ዛሬም በልታለች። መዘንኩላት፣ ሁለት መቶ ሃያ ሁለት እንኳ አልሞላም። ወደብ ላይ የሠራች ሴት አንድ ጣሳ ሙሉ መብላት ነበረባት፤ አንቺን ያስደነገጠሽ ትርፍ የአንድ ሰው ጉድለት ነው።

እንግዲህ ሐሳቤን ልንገርሽና ልጨርስ። ፈተናሽን ተፈተኚ። ሥራሽን እንዳትለቂ። ለእኔ ጤና ብለሽ ልትመጪ ከሆነ አትምጪ፣ ወረቀቱ በእጅሽ ነው። ተቆጥተሽ ልትመጪ ከሆነ ፈተናው ሲያልቅ ነዪና እስኪወጣልሽ ተቆጪ፣ ሁለታችንንም፤ ቁጣሽ ተገቢ ነው፣ እንድትተዪውም አልጠይቅሽም። ይቅር በያት አልልሽም፣ እሱ የአንቺ ነው። ነገር ግን ዓርብ ጀልባው ላይ አትወጣም። ቋጠሮዋን ፈትቼ ልብሷን ገመድ ላይ አስጥቼዋለሁ። «ልጅህን ታጣለህ» አለችኝ። እንድታጪኝ አልፈልግም፣ ላጣሽም አልፈልግም፣ ስለዚህ ነገር ሳስብ ትናንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ግን አንቺን ላለማጣት ብዬ ሰው በረሃብ አልሸኝም። ከተወለድሽ ጀምሮ አንድም ቀን «ተሳስተሻል» ብዬሽ አላውቅም፤ እናት የሌላት ልጅ ናት እያልኩ ሁሉን እሺ ብያለሁ። አሁን ግን እልሻለሁ። ያን ቀን ደጃፉ ላይ ያልሺው ልክ ነበር፣ ዛሬ ግን ልክ አይደለም።

መልስሽን በዚያው በዳው ኦን አማች እጅ ላኪልኝ። ባትልኪም መልስሽ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሦስቱ ዕንቁዎች፣ ቡድሃ፣ ሕጉና የመነኮሳቱ ማኅበር፣ በምትወጪበትም በምትገቢበትም ይጠብቁሽ። ከክፉ ሰውና ከክፉ በሽታ ይሰውሩሽ። በፈተናሽ ቀን ልብሽ ይርጋ፣ እጅሽ ይፍታታ። ያወቅሽው ሁሉ በሰዓቱ ይምጣልሽ።

አባትሽ ቱን ፔ
እናትሽ ምያ ሴን

(መጻፍ እንደማትችል ታውቂያለሽ። ስሟን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሳልጠይቃት።)